ሁለቴ የሚመታው ፊደል

እኔ ነስሩ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ። አባቴ ቄራ ሱቅ ነበረው፣ እናቴ «ጂን ደም ሸቶት ይመጣል» እያለች ስታስፈራራን ወንድሞቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገቡ እኔ ተነሥቼ መስኮቱን የምከፍት ልጅ ነበርኩ፣ አድጌም የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፍቼ ስቀመጥ ደንበኛ መጥቶ «ኮምፒውተሬ በራሱ ይንቀሳቀሳል፣ የሆነ ነገር ሰፍሮበታል» ሲለኝ «የሰፈረበት ቫይረስ ነው፣ ጸበልም ዱዓም አይሠራለትም፣ እዚህ ተወውና ነገ ና» ብዬ የምስቅ ሰው ነበርኩ። ታዲያ አሁን የምነግራችሁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔም አይቻለሁ፣ ወላሂ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። እንዲያውም መቀነስ ነበር ያማረኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ውስጥ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያሳፍረው ይበዛል፣ የሚያሳፍረው ደግሞ በሙሉ የኔ ነው።

ጊዜው በየቤቱ ኮምፒውተር መግባት የጀመረበት፣ ሰው ፍላሽ ዲስኩን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚሄድበት፣ ኢንተርኔት በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚገናኝበት ጊዜ ነው። ሱቄ ካዛንቺስ፣ ወደ ዑራኤል ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊቱን የያዘች አንዲት ክፍል ነበረች፣ በአንድ ወገን የሳሚ ፀጉር ቤት፣ በሌላው ወገን ጭማቂ ቤት አለ። ሥራዬ ባብዛኛው ማጽዳት ነበር። ያኔ ሰው የሚፈራው ቫይረስን ብቻ ነው፣ እኔ ግን ይበልጥ የምጠላው ሰላይ ፕሮግራሙን ነበር፣ ቫይረስ እኮ ቢያንስ ፋይል ይበላል፣ ይረብሻል፣ መኖሩ ይታወቃል፣ ሰላዩ ግን ዝም ብሎ ይቀመጥና የምትጽፉትን ይመዘግባል፣ ኢንተርኔት ስትከፍቱ ጠብቆ ደግሞ ለጌታው ይልካል። እንዴት ይገባል ካላችሁኝ ራሳችን በር ከፍተን ነው የምናስገባው፣ ክራክ ተደርጎ ያለ ክፍያ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ ተደብቆ፣ ከሠርግ ቪዲዮ ጋር በጓደኛ ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ «ነፃ ነው» የሚል ነገር ብቅ ሲል ሳናነብ እሺ ስለምንል።

ስለዚህ በሬ ላይ «ኮምፒውተርዎን ከሰላይ ይጠብቁ» የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፌ ነበር። ሥሩ ምክር አለ፤ የማያውቁትን ፍላሽ አይሰኩ፣ ያላነበቡትን እሺ አይበሉ፣ መከላከያውን በየጊዜው ያድሱ፣ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻዋ መስመር «ኮምፒውተርዎን ለማያምኑት ሰው አይስጡ» ትላለች። ይቺን መስመር አትርሱብኝ።

ጋሽ ዘለቀን የተዋወቅኋቸው በዚሁ ወረቀት ነው። አንድ ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስደርስ ኮታቸውን እስከ ላይ የቆለፉ ቀጭን ሽማግሌ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ማስታወቂያዬ ላይ ይጽፋሉ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ፣ ተናድጃለሁ።

«አራት ስሕተት አለብህ» አሉኝ ዞር እንኳ ሳይሉ። «‹ሥራ› በንጉሡ ሠ ነው፣ አንተ በእሳቱ ጽፈኸዋል። ‹ሕግ› በሐመሩ ሐ ነው። ምክርህ ጥሩ ነው፣ ግን ኮምፒውተር የሚጠብቅ ሰው ፊደሉንም ይጠብቅ እንጂ!»

ጋሽ ዘለቀ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ከሱቄ ጀርባ ካለው ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ በቅርቡ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው አማርኛ መጻፍ እንዳስተምራቸው ነበር የመጡት። እሺ አልኩ፣ ወድጃቸዋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ተናድጄም ወድጃቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የጫንኩላቸው የአማርኛ መጻፊያ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚሠራው፣ እሳቱን ሰ ስትፈልጉ ኤስን አንዴ ትመታላችሁ፣ ንጉሡን ሠ ስትፈልጉ ሁለቴ። ሃሌታው ሀ ኤች አንዴ፣ ሐመሩ ሐ ኤች ሁለቴ። እኔን ጨምሮ የማውቀው ሰው ሁሉ አንዴ መትቶ ያልፋል፣ ድምፁ ያው ነው፣ ማን ግድ አለው! ጋሽ ዘለቀ ግን በአንድ ጣታቸው እያሰቡ፣ ሁለት የሚገባውን ሁለቴ ይመቱ ነበር፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ-ጠቅ። በግቢያቸው በኩል ሳልፍ ድምፁን ብቻ ሰምቼ የትኛው ፊደል ላይ እንደደረሱ እየገመትኩ እስቅ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን «ለልጄ የምጽፈውን የማኖርበት ቦታ አዘጋጅልኝ፣ ምሕረት ትባላለች» አሉኝ። ፎልደር ከፈትኩና ስሟን ጻፍኩ፣ እንደ ልማዴ አንዴ መትቼ፣ «ምህረት» ብዬ።

«ይኼ የልጄ ስም አይደለም» አሉ።

«ምሕረት አላሉኝም እንዴ?»

«በሃሌታው ሀ ስትጽፈው እኮ ግዕዙ ማስተማር ነው የሚሆነው፣ መሀረ፣ አስተማረ። ይቅር ማለት የሚሆነው በሐመሩ ነው። እኔ ልጄን ትምህርት ብዬ አላወጣሁላትም። ሁለቴ ምታ!»

ሁለቴ መታሁ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ ለማሳመር ብዬ የማይገባውንም ሁለቴ ስመታ ደግሞ ይቆጡ ነበር፣ አንድ ቀን «ሌባ ሠረቀ» ብዬ ብጽፍ «በንጉሡ ከሆነ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፣ ስርቆት በእሳቱ ነው፣ ሌባውን ፀሐይ አታድርገው!» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ልጃቸው ሐዋሳ ነርስ ናት፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከአባቷ ጋር አይነጋገሩም፣ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እዚህ ድረስ ጨዋ ነበርኩ።

ከዚያ የጋሽ ዘለቀ ኮምፒውተር መበከል ጀመረ። ባጸዳሁት በሳምንቱ ማስታወቂያ ያዘንባል፣ ይንቀራፈፋል፣ ባጸዳሁት በሳምንቱ እንደገና። «ምን ነክተው ነው?» ስላቸው «ምንም» ይላሉ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና፣ ማለቴ፣ ያኔ ለራሴ ያልኩት «ለምርመራ ነው» ነው፣ የሚመታውን ቁልፍ ሁሉ እየመዘገበ በኢሜይል የሚልክልኝን ፕሮግራም ሳልነግራቸው ጫንኩባቸው። መጀመሪያ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬው ነበር፣ በደንብ ይሠራል። አዎ፣ በሬ ላይ «ከሰላይ ይጠብቁ» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት ሰውዬ ነኝ።

በሳምንቱ ጥፋተኛውን አገኘሁት። ነፃ የፊደል ቅርጽ የሚያድል አንድ ድረ ገጽ ነበር፣ አራሚ ሰው፣ ፊደል ሲያይ አላስቻላቸውም፣ የቀረበላቸውን ሁሉ እሺ እያሉ ያወርዳሉ፣ ከፊደሉ ጋር ሰላዩ ይገባል። ነገርኳቸው፣ እንደ ሕፃን አፈሩ፣ ተዉት። ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ። ፕሮግራሙን በዚያው ቀን ማንሣት ነበረብኝ፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አላነሣሁትም።

ለምን እንዳላነሣሁት ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ፣ መልሱ ክፋት እንኳ አይደለም፣ ወሬ መውደድ ነው በቃ። መዝገቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ተደርድሮ ይመጣል፣ እኔ እንደ ጋዜጣ አነበዋለሁ፣ ኤች ተደግማ ሳይ ሐመሩ፣ ኤስ ተደግማ ሳይ ንጉሡ። የሚጻፈው ብቻ ሳይሆን የሚጠፋውም ይመዘገባል። ጋሽ ዘለቀ በየጠዋቱ «ልጄ ምሕረት» ብለው ይጀምራሉ፣ ሁለት መስመር ይሄዳሉ፣ ያጠፉታል። ነገም እንደዚያው። አንድ ቀን ግን እስከ መጨረሻው ሄዱ። እንዲህ ይላል፤ «ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ያየሽኝ ዕለት ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። እናትሽ ነፍሷ ሲወጣ እኔ ነጠላ ሰረዝ እየፈለግሁ ነበር። እውነት ነው። ፊቷን ለማየት አቅም አጣሁ፣ ስሕተት ያለበት ወረቀት ግን ማየት እችል ነበር። ጥለሃት ሄድክ ትይኛለሽ፣ ሌላ የምሸሽበት ቦታ አላውቅም ነበር።» ከዚያ ፊደል በፊደል አጠፉት፣ የማጥፊያዋ ቁልፍ ምልክት ሁለት ገጽ ሞላ።

ይህን አንብቤ ማልቀስ ነበረብኝ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ። በማግሥቱ ሳሚ ፀጉር ቤት ጺሜን እየተላጨሁ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ወንበሩን ሞልቶት፣ ጨዋታው ደራ ብሎ ሳለ «አንድ አራሚ አውቃለሁ፣ ሚስቱ ስትሞት ነጠላ ሰረዝ ይፈልግ ነበር!» አልኩ። ስም አልጠራሁም፣ ግን ካዛንቺስ ውስጥ ስንት አራሚ አለ? ሳሚ ምላጩን ይዞ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቄን ለቀቅሁት። ሰፈራችን ለቅጽል ስም ማን ብሎት፣ ሳምንት ሳይሞላው ሽማግሌው «ነጠላ ሰረዝ» ሆኑ።

ፊት ለፊታቸው ሲባል አይቻለሁ። ጭማቂ ቤቱ በር ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ እመኑኝ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ «ጋሽ ነጠላ ሰረዝ፣ እንዴት አደሩ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣላቸው። ጋሽ ዘለቀ ቆሙ። የስልክ ምሰሶውን በእጃቸው ያዙ፣ ልጁን ሳይሆን መሬቱን ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ከዚያ ዳቦ ሊገዙ የወጡበትን መንገድ ትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ የተፈታ ኪቦርድ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

በማግሥቱ መጡ።

«ነስሩ፣ አንድ የኮምፒውተር ጥያቄ አለኝ» አሉ። «የጠፋ ጽሑፍ የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም ጋሼ፣ ይጠፋል በቃ።»

«አይደለም። አንድ የጻፍኩት ነገር ነበር፣ ለማንም አልላክሁትም፣ በወረቀት አላወጣሁትም፣ ወዲያው ነው ያጠፋሁት። ትናንት ከሰው አፍ ሰማሁት። የራሴ ቃል ነው።»

አሁን ብናገር ያልቅ ነበር፣ ይሰድቡኝ ነበር፣ በከዘራም ቢመቱኝ ደግ። እኔ ግን «ሰላይ ፕሮግራም ነው ጋሼ፣ ያን ነፃ ፊደል ሲያወርዱ የገባ ይሆናል» አልኩ።

«የካዛንቺስ ልጆች ታዲያ ከየት አገኙት?»

«ኢንተርኔት እኮ ነው፣ የሰበሰበውን ይበትነዋል፣ የማይደርስበት የለም።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ነገሩ ትርጉም እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ እሳቸው ግን ኮምፒውተር አያውቁም፣ የሚያውቁት እኔን ነው። «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ማስታወቂያህ ነግሮኝ ነበር፣ አረምኩት እንጂ አላነበብኩትም።»

ቤታቸው ሄጄ ኮምፒውተሩን ሙልጭ አድርጌ ፎርማት አደረግሁት፣ የራሴ ዱካ እንዳይገኝ ነው፣ ለሳቸው ግን ለጥንቃቄ ነው አልኳቸው። የልጃቸው ፎልደርም አብሮ ሄደ። ስጨርስ በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው አመሰገኑኝ፣ «አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» አሉ። ይቺን ምስጋና እስከ ዛሬ ተሸክሜያታለሁ፣ ከስድብ ትከብዳለች።

ከዚያ በኋላ አልጻፉም። በግቢው በኩል ሳልፍ ድምፅ የለም። ክረምቱ ሲገባ ታመሙ፣ ሐምሌ ውስጥ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ የዕድሩን አግዳሚ ተሸክሜያለሁ፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይዣለሁ፣ ሰው «ነስሩ እንዴት ያለ ጎረቤት ነው!» ሲል እየሰማሁ። ሰልስቱ ባለፈ በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት የአባቷን ሲፒዩና ኪቦርድ ታቅፋ ሱቄ ገባች፣ ምሕረት ናት፣ መልኳ ቁርጥ አባቷን።

«አላህ ያጽናሽ» አልኳት።

«አሜን። ነስሩ አንተ ነህ አይደል? ጎረቤቶች ሁልጊዜ ጠዋት ሲጽፍ እንሰማው ነበር አሉኝ። ለኔ ይሆናል የሚጽፈው።» ኪቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «የቀረ ነገር ካለ አውጣልኝ እባክህ፣ ግማሽ ደብዳቤም ቢሆን። እኔ ሰኞ ወደ ሐዋሳ እመለሳለሁ። እኔ እኮ... ስድስት ዓመት ስልኩን አላነሣሁለትም።»

የጋሽ ዘለቀ ዲስክ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዓለም ላይ የቀረው አንድ ቅጂ የኔ ኢሜይል ውስጥ ያለው የስለላ መዝገብ ነው። ልስጣት ካልኩ ከየት እንዳመጣሁት ልነግራት ነው፣ ዝም ካልኩ ደግሞ አባቷ ምንም ሳይላት እንደሞተ አምና ሐዋሳ ትገባለች። «እስከ ሰኞ ጠዋት ልሞክር» አልኳት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ከፈትኩ። ሳሚም ጭማቂ ቤቱም ዝግ ናቸው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የጋሽ ዘለቀን ሲፒዩ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ኪቦርዱን በላዩ ጣል አድርጌበታለሁ፣ ሁለቱም ምንም ላይ አልተሰኩም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። እኔ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ለምሕረት መጻፍ ጀመርኩ። ሳላስብ፣ ሁሉንም አንዴ እየመታሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ እንደዚያ ለማሳመር ሁለቴ። «ለምህረት» ብዬ ጀመርኩ፣ «የአባትሽን ጽሁፍ ሠረቅሁ» አልኩ፣ ፀጉር ቤት ያወራሁትን፣ የዋሸኋቸውን፣ ፎርማት ያደረግሁትን ሁሉ ጻፍኩ፣ መጨረሻ ላይ «ከአንቺም ከአባትሽም ምህረት እለምናለሁ» ብዬ ሴቭ አደረግሁ። ያቺን ቁልፍ እንደነካሁ መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ የሚይዝልኝ ዩፒኤሴ ከሞተ ቆይቷል፣ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ክፍሏ ስለጨለመች በርጩማዬን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው፣ ውጪው ገና ብርሃን ነው፣ ጎርፉ በቦዩ ሲወርድ እያየሁ ነበር።

ጠቅ አለ ከጀርባዬ።

ጣሪያው ያፈስሳል፣ ባልዲ አድርጌ ነበር፣ ጠብታ ነው አልኩ። ጠቅ። ትንሽ ቆየ። ጠቅ-ጠቅ። እሺ፣ ጠብታም እኮ አንዳንዴ ይደጋገማል። ግን ጠብታ አያስብም፣ ይሄ የሚያስብ ድምፅ ነበር፣ ፊደል ፈልጎ አግኝቶ የሚመታ፣ ከዚያ ደግሞ ፈልጎ የሚመታ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ-ጠቅ። ተነሥቼ ገባሁና ባልዲውን በእግሬ ከቦታው ገፋሁት፣ ድምፁ አልተቀየረም፣ ጥጉ ጋ ካለው ጠረጴዛ ነው የሚመጣው። «ጋሼ?» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፣ እኔ እኮ መስኮት የምከፍተው ልጅ ነኝ።

ዝም አለ። ረጅም ዝምታ፣ ዝናቡ ብቻ። ከዚያ አንዲት ጠቅ። አንዲት ብቻ። ሌላ አልተከተላትም።

መብራት የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ኮምፒውተሬን አስነሥቼ ደብዳቤውን ከፈትኩ። ታርሟል። «ለምህረት» ያልኩት «ለምሕረት» ሆኗል፣ «ጽሁፍ» ጽሑፍ ሆኗል፣ «ሠረቅሁ» ያልኩት በእሳቱ ሰ ሆኖ ሰረቅሁ ይላል፣ ሌባው ፀሐይነቱ ተነሥቶበታል። ሰባት ቦታ ቆጠርኩ። ያን የምዝገባ ፕሮግራም ከራሴም ኮምፒውተር አላነሣሁትም ነበርና መዝገቡን አየሁ፤ እኔ ሴቭ ካደረግሁ በኋላ ማጥፊያ፣ ኤች ኤች፣ ማጥፊያ፣ ኤስ፣ እያለ ይሄዳል፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት መብራት ጠፍቶ የነበረበት ሰዓት ነው። የምትሉትን አውቃለሁ፣ ሰዓቱ ተዛብቶ ይሆናል፣ ራስህ አርመኸው ረስተኸው ይሆናል ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ሰዓቱ ግን ልክ ነበር፣ እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ሰባት ፊደል በትክክል አርሜ አላውቅም።

ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር አነበብኩ። «ከአንቺም ከአባትሽም ምህረት እለምናለሁ።» በሃሌታው ሀ። አልተነካችም ልል ነበር፣ ግን መዝገቡ ላይ ተነክታለች፤ ማጥፊያዋ ተመታለች፣ ህ ጠፍታለች፣ ከዚያ አንዲት ኤች ተመልሳ ተመታለች። መዝገቡ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ራሴ ላርማት ነበር፣ ሁለቴ መምታት ነው፣ ይሄን ያህል። አልቻልኩም። የሰው ነገር አንዴ ነክቻለሁ አልኩ። እስኪመሽ ድረስ የስለላ መዝገቡን ወደ አማርኛ መለስኩት፣ የጠፋውንም ሳይቀር፣ ከኔ ደብዳቤ ጋር በፕሪንተር አወጣሁት።

ሰኞ ጠዋት ምሕረት መጣች። የአባቷን ቆማ ነው ያነበበችው፣ ኮሪደሩ ጋ ስትደርስ የሱቄን በር ያዘች፣ እንባዋን አልጠረገችም። ከዚያ የኔን አነበበች። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ማነው ይኼን ያረመልህ?» አለችኝ በቀስታ። «አንተማ እንዲህ አትጽፍም። ማስታወቂያህን አይቼዋለሁ።»

ነገርኳት፣ መብራቱን፣ ድምፁን፣ ሁሉንም። አልሳቀችም፣ አልደነገጠችምም። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችና ጣቷን የመጨረሻዋ መስመር ላይ አደረገች።

«ይቺ ቀርታለች» አለች።

«ምናልባት... አምልጣቸው ይሆናል» አልኩ፣ እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት።

«አባዬን?» አለች። «እናቴ ስትሞት እንኳ አንድ ስሕተት አላመለጠውም።»

ወረቀቶቹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቻው አላለችኝም። ከበሩ ላይ ሆኜ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ስትገባ አየኋት፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ሲፒዩውንና ኪቦርዱን ትታቸው ሄደች።

በማግሥቱ ሰላዩን ከራሴ ኮምፒውተር አነሣሁ፣ ሳሚንና ያን ቀን የሳቁትን ሰብስቤ የተናገርኩትን ነገር ከየት እንዳመጣሁት ነገርኳቸው፣ ማንም አልሳቀም፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን የሚያመጣልኝ ሰውም ቀነሰ፣ አልፈርድባቸውም። ማስታወቂያዬን ግን አልቀየርኩትም፣ ቀይ እርማቱ እስኪደበዝዝ በሬ ላይ ነበር። «ለማያምኑት ሰው አይስጡ» የምትለዋ መስመር ላይ አንድም ቀይ ምልክት የለም፣ ፊደሏ ልክ ነው፣ ጋሽ ዘለቀ ግን ያመኑኝ ነበር፣ ለዚያ የሚሆን ምክር አልጻፍኩም።

ሱቁ አሁን የለም፣ ቤቱም ፈርሷል፣ የጋሽ ዘለቀ ኪቦርድ ግን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ፣ ምንም ላይ አልተሰካም። ባለቤቴ «ጣለው» ትለኛለች፣ አልጥለውም። ክረምት ሲሆን፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ አንዳንዴ ከዚያ በኩል ጠቅ ይላል። አንዴ። ያኔ የምሠራውን አቆምና፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሁለተኛዋን እጠብቃለሁ።